ሰልፍ ባለበት ሰሞን የት እንረፍ?

በዚህ ወር የመጡልኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ናይሮቢ ናቸው። አይገርመኝም። ከቦሌ ተነስቶ በሁለት ሰዓት ገደማ የሚደረስበት ከተማ ነው። ለሕክምና ይኬዳል፣ ለንግድ ይኬዳል፣ ለሠርግ ይኬዳል። በፈረንጆቹ ሰኔና ሐምሌ ላይ ደግሞ ሰልፍ አይጠፋውም።

ለአዲስ አንባቢዎች ልንገራችሁ። ናይሮቢ መሃል ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ ሪሴፕሽን ላይ ለዓመታት ሠርቻለሁ። አሁን አዲስ አበባ ተመልሼ ቲኬት እቆርጣለሁ። የምመልስላችሁ ከባንኮኒው ጀርባ ቆሜ ካየሁት ነው።

ጥያቄ

እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። እናቴን ለልብ ምርመራ ናይሮቢ ልወስዳት ነው። ቀጠሮዋ ፓርክላንድስ አጋ ካን ሆስፒታል፣ በእነሱ አቆጣጠር ሰኔ 26 ጠዋት ነው። በ25 ከሰዓት በኋላ እንገባለን። አሜሪካ ያለው ወንድሜ መሃል ከተማ ባለ አራት ኮከብ ሆቴል በቅናሽ ያዘልን፤ ገንዘቡ ግን አይመለስም ይላል። አሁን ሰልፍ አለ እየተባለ ነው። ቲክቶክ ላይ የማየው ሁሉ እሳት ነው። ሆቴሉ ደውዬ «አካባቢው አስተማማኝ ነው ወይ?» ብላቸው «መቶ በመቶ» አሉኝ። እማዬ ግን «እዚሁ ጸበሌን ብጠጣ ይሻለኛል» ብላ እምቢ አለች። ቀጠሮውን ልሰርዘው? ወይስ ሆቴሉን ልቀይር?

*አስታማሚዋ ልጅ፣ ከሳሪስ*

መልስ

እህቴ፣ እማማን ሰላም በይልኝ። ጸበሉም ምርመራውም አይጣሉም በያቸው። ቀጠሮውን አትሰርዢ። መቀየር ያለበት በ25 መግባታችሁ ነው።

ለምን መሰለሽ? ሰኔ 25 ቀን 2024 ማክሰኞ ነበር። የኬንያ ፓርላማ ግብር የሚጨምረውን የፋይናንስ ረቂቅ ሕግ ያጸደቀው ያን ቀን ነው። ወዲያው ሰልፈኞቹ ፓርላማው ውስጥ ገቡ፤ ከፊሉም ተቃጠለ። ፖሊስ ተኮሰ፤ ሰው ሞተ። በማግስቱ ፕሬዚዳንት ሩቶ ሕጉን አልፈርምም አሉ። በ2025 በዚያው ቀን ሕዝቡ የሞቱትን ሊያስብ ወጣ፤ ያን ቀንም ሰው ሞተ። ስለዚህ ሰኔ 25 ቀድሞ የሚታወቅ ቀን ነው። ሌላው ሐምሌ 7 ነው፤ ሳባ ሳባ ይሉታል። በፈረንጆቹ 1990 የመድብለ ፓርቲ ሥርዓት ይፈቀድ ተብሎ ሰልፍ የተጠራበት ቀን ነው። በ2025 ያን ዕለት ፖሊስ ወደ መሃል ከተማ የሚያስገቡትን ዋና ዋና መንገዶች ገና በማለዳ ዘጋቸው። በእኛ ቀን ቁጠሪያቸው፤ ሰኔ 18 እና ሰኔ 30። ካላንደርሽ ላይ አክብቢባቸው።

በ2024ቱ ዕለት ሥራ ላይ ነበርኩ። ከቀትር በኋላ የፊት ለፊቱን የብረት መዝጊያ አወረድነው። ውስጡ ጨለመ፤ መብራት አብርተን ተቀመጥን። ከውጭ የሚመጣ እንግዳ የሚገባው በጓሮ፣ አትክልትና ጋዝ በሚገባበት በር ሆነ። ላውንድሪ ክፍሉ መስኮት ሳይዘጋ ቀርቶ አስለቃሽ ጭሱ በዚያ ገባ፤ የታጠበው አንሶላ ሁሉ ሸተተ። ማታቱ፣ ማለትም የእነሱ ሚኒባስ ታክሲ፣ ስለቆመ የማታ ተረኞች አልመጡም። ወጥ ቤት አንድ አብሳይ ብቻ ቀረ፤ ሜኑው ሩዝና እንቁላል ሆነ። እኛም ቤታችን መሄድ ስላልቻልን ባዶ ክፍል ተከፍቶልን አደርን።

በዚያ ቀን ሆቴላችን ውስጥ አንድም ሰው አልተነካም። «መቶ በመቶ» ያሉሽ ውሸታቸውን አይደለም። ግን አንድ እንግዳ ነበረን፣ የማታ በረራ ያለው። ኤርፖርቱ ክፍት ነው። አውሮፕላኑ በሰዓቱ ነው። ሆቴሉም ሰላም ነው። ሰውዬው ግን ሻንጣውን እግሩ ሥር አድርጎ ሎቢ ላይ ቁጭ ብሎ ስልኩን ያያል። አንድ ሹፌር እሺ ይለውና ከአምስት ደቂቃ በኋላ ይሰርዘዋል። ሌላው የሰማይ ስባሪ ይጠራበታል። አውሮፕላኑ ሄደ፤ እሱ እኛ ጋ አደረ።

ለዚህ ነው «አስተማማኝ ነው ወይ?» የሚለው ጥያቄ ብዙ የማይረባሽ። ሪሴፕሽን ላይ የቆመ ሰው መልሱን አፉ ላይ አስሮት ነው የሚጠብቅሽ። እንደዚያ እንድንል ነው የሚነገረን። ይልቅ እንዲህ ብለሽ ጠይቂ፦ ሌላ በር አላችሁ ወይ? በየትኛው መንገድ ነው የሚወጣው? ባለፈው ሰልፍ ቀን እንግዶቻችሁ በየት ወጡ? ቁርስ የሚሠራው ሰው ያን ዕለት ግቢ ውስጥ ያድራል ወይ? ለእነዚህ ወዲያው ከመለሱልሽ ተዘጋጅተዋል ማለት ነው። «ኖ ፕሮብለም፣ ማዳም» ብቻ ካሉሽ ሌላ ሆቴል ፈልጊ።

አሁን ከተማዋን ላሳይሽ። የናይሮቢ መሃል ከተማ ትንሽ ናት፤ በእግር ትዞሪያታለሽ። በምዕራብ ኡሁሩ ሀይዌይ አለ። በሰሜን ዩኒቨርሲቲ ዌይ። በደቡብ በኩል ያለው አውራ ጎዳና በጃንሆይ የተሰየመው ኃይለ ሥላሴ አቬኑ ነው። ፓርላማው፣ የከተማው አስተዳደር፣ ፍርድ ቤቱ፣ ብዙዎቹ የማታቱ መነሻዎች እዚያችው ውስጥ ወይም ዳርዳሯ ላይ ናቸው። ሰልፈኛው የሚመጣው ወደዚያ ነው። ፖሊስ የሚዘጋውም እሱኑ ነው። ኬንያታ አቬኑና ሞይ አቬኑ ላይ ያረፈ እንግዳ ቡና ሊጠጣ ሲወጣ ሰልፉ መሃል ራሱን ሊያገኘው ይችላል። ወንድምሽ የያዘላችሁ ሆቴል ኮከቡ አራት ሆነ አምስት፣ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ቅናሹም ያለ ምክንያት አልመጣም። ሰኔ መጨረሻ ላይ መሃል ከተማ ዋጋ ሲወርድ ካየሽ ጠርጥሪ።

የእናንተ ጉዳይ ያለው ደግሞ ሌላ ቦታ ነው። ፓርክላንድስ ከመሃል ከተማ በስተሰሜን ምዕራብ ነው፤ ወደ ዌስትላንድስ የተጠጋ። እዚያው ሆስፒታሉ አካባቢ ብታርፉ ሰልፉን ሳታዩት ልትመለሱ ትችላላችሁ። ሆስፒታሉን ራሱን በስልክ ጠይቂ፤ ከውጭ የሚመጣ ታካሚ የለመዱ ናቸው፣ በቅርብ የሚታረፍበትን ይነግሩሻል። በዚያውም ቀጠሮው እንዳልተቀየረ አረጋግጪ። ጌስት ሀውስ ካገኘሽ አትናቂው። ለታማሚ ሰው ከሊፍትና ከሎቢ ይልቅ ገንፎ የምትሠሪበት ማዕድ ቤት ይበልጣል። ዌስትላንድስ ከመረጥሽ ጭፈራ ቤቶች ካሉበት ራቂ፤ ዓርብና ቅዳሜ ሌሊቱን ሙሉ ሙዚቃው አያስተኛም። ለእማማ ደግሞ ከአስለቃሽ ጭሱ ይልቅ የሚብሰው እሱ ነው።

አንድ ወጥመድ ልጠቁምሽ። ማስታወቂያው ላይ «ፓርክላንድስ» ተብሎ ካርታው ላይ ግን ንጋራ የሆነ ሆቴል ያጋጥምሻል። ንጋራ ከመሃል ከተማው ጋር ተያይዞ፣ ቲካ ሮድ የሚጀምርበት ነው። ዋጋው ያጓጓል። በደህናው ቀን ጥሩ ነው፤ በዚህ ሰሞን ይቅርባችሁ።

ሐበሾች የሚበዙበት ኪሊማኒና ኸርሊንግሃም እንዴት ነው ትይኝ ይሆናል። እንጀራ በቅርብ ይገኛል፣ ሰፈሩም ደስ ይላል። ግን ስቴት ሀውስ፣ ማለትም ቤተ መንግሥቱ፣ በዚያ በኩል ነው። ሰልፉ «ወደ ስቴት ሀውስ» የተባለ ዕለት በቫሊ ሮድና በዴኒስ ፕሪት ሮድ በኩል ያለው መንገድ ሊዘጋጋ ይችላል። ከዚያ ተነስታችሁ ፓርክላንድስ መድረስ ጣጣ ነው። እንጀራውን ይዛችሁ ሂዱ። ድርቆሽም ይበቃል።

አሁን ስለ መግቢያው። በ25 ሳይሆን በ24 ግቡ። ቲኬት ማስቀየሩ ገንዘብ ቢጠይቅ እንኳ ክፈይ። በ25 ዕለት ከክፍላችሁ ሳትወጡ ዋሉ፤ እማማም ይረፉ። ከኤርፖርት ስትወጡ ሹፌሩን «በኤክስፕረስዌይ ውሰደን» በይው። ከምሎሎንጎ እስከ ዌስትላንድስ በከፊል ከመሬት ከፍ ብሎ የሚሄድ ባለ ክፍያ መንገድ ነው፤ 27 ኪሎ ሜትር ነው፣ በ2022 ነው የተከፈተው። ክፍያው በአንቺ ነው። «ኃይለ ሥላሴ» የሚል መውጫ ስታዩ ስሙ ደስ ቢላችሁም እንዳትወርዱ፤ እሱ ቀጥታ መሃል ከተማ ነው የሚዘረግፋችሁ። ወደ ፊት ሂዱና ሙዚየም ሂል ወይም ዌስትላንድስ ላይ ውረዱ። ይህ መንገድም ግን ሁሌ አይታመንም። ሐምሌ 2023 በነበረው ሰልፍ ምሎሎንጎ ላይ ተሰባብሮ ነበር። ከተዘጋ ሹፌሩ በሳውዘርን ባይፓስ ዞሮ በላንጋታ በኩል ሊያመጣችሁ ይችላል። ይረዝማል፤ ግን ያደርሳል። መንገዱን የሚያውቅ መሆኑን ከኤርፖርቱ ሳትወጡ ጠይቂው።

ሰዓትም ስትስማሙ ለዪ። ኬንያውያን በስዋሂሊ ሲያወሩ ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛው ነው፤ ጠዋት አንድ ሰዓት አንድ ሰዓት ነው። በእንግሊዝኛ ሲያወሩ ግን ሰባት ይሉሻል። የእኛ ሰው እዚህ ላይ ነው ተቀጣጥሮ የሚተላለፈው።

ገንዘቡስ? «አይመለስም» የሚለው ድረ ገጹ ላይ የተጻፈው ነው። ሆቴሉ ስልክ አለው። ደውይና ሪሰርቬሽን ማናጀሩን አገናኙኝ በይ፤ ሪሴፕሽን ላይ ያለችው ልጅ ሥልጣን የላትም። ገንዘቤን መልሱ አትበይ። ቀን አዛውሩልኝ በይ። ገንዘብ መመለስ ለማናጀሩ ኪሳራ ነው፤ ቀን ማዛወር ግን ቁጥር መቀየር ብቻ ነው። በሰልፍ ሰሞን እሺ ሲሉ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ያዘዋወራችሁትን ቀን ልጅሽ ወይም ዘመድሽ ይጠቀምበት። ክፍሉን የያዘው ወንድምሽ ስለሆነ ግን ከራሱ ኢሜይል ቢጽፍላቸው ይፈጥናል። እምቢ ካሉም የአንድ ሁለት ቀን ክፍያ ይጥፋ። የእማማን የልብ ቀጠሮ የሚያህል አይደለም።

ጥያቄ

ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ። በዕድሜ ገፋ ያልኩ ነጋዴ ነኝ፤ ከመርካቶ። ናይሮቢ ስሄድ የማርፈው ኢስሊ ነው። ሆቴሉም፣ ምግቡም፣ ደንበኞቼም እዚያው ናቸው። ልጆቼ «አባዬ፣ በዚህ ወር ኢስሊ ሳይሆን ዌስትላንድስ እረፍ» እያሉ ይጨቀጭቁኛል። ሰልፉ እኮ መሃል ከተማ ነው፤ ኢስሊ ምን አገባው?

*ነጋዴው አባት*

መልስ

አባቴ፣ ግማሹ እርስዎ ልክ ነዎት፤ ግማሹ ልጆችዎ ልክ ናቸው።

ዌስትላንድስ መሄድ አይጠቅምዎትም። ጉዳይዎ ኢስሊ ሆኖ ዌስትላንድስ ካደሩ በየቀኑ ከተማውን ሊያቋርጡ ነው። ያ ደግሞ በሰልፍ ሰሞን የመጨረሻው መጥፎ ነገር ነው። ሥራ ባለበት ማደር ይሻላል።

ግን ኢስሊ ምን አገባው አይበሉ። የ1990ው ሳባ ሳባ የተጠራበት የካሙኩንጂ ሜዳ እኮ ከኢስሊ ብዙ አይርቅም። ወደ ቲካ ሮድ መውጫዎ ላይ ያለው ፓንጋኒም ፖሊስ የሚያዘወትረው ቦታ ነው። ሰልፉ ኢስሊ ውስጥ ባይገባ እንኳ ዙሪያዋን ሊያጥርብዎት ይችላል። ሱቆቹ ደግሞ ወሬ ሲሰሙ ገና በማለዳ ነው የሚዘጉት። ዕቃ ሳይገዙ፣ ገንዘብ ሳይሰበስቡ ቀኑ ይሄዳል። ስለዚህ ለእርስዎ ዋናው ነገር ቀኑ ነው። በእኛ ከሰኔ 16 እስከ ሐምሌ 2 ባለው ውስጥ ባይሄዱ ደግ ነው። ግድ ካልዎት ሰኔ 18 እና 30 ላይ ምንም ቀጠሮ አይያዙ።

ሆቴሉን ሲመርጡ ደግሞ ሥሩን ይዩ። ኢስሊ ውስጥ ብዙ ሆቴል ከታች ሱቅ፣ ከላይ መኝታ ነው። ከታች ያለው ሱፐርማርኬት ወይም የሞባይል ስልክ መሸጫ ከሆነ ይለፉት። በ2024ም በ2025ም ሰልፉ ሲመሽበት ዘራፊ ይገባበት ነበር፤ የሚሰበረውም እንደነዚህ ያለው ሱቅ ነው። ጨርቅና ምንጣፍ የሚሸጥበት ሕንፃ ይሻላል፤ ምንጣፍ ተሸክሞ የሚሮጥ የለም። ፖሊስ ጣቢያ አጠገብ ነው ተብለውም አይደሰቱ። ሰኔ 2025 ላይ ጥቃት የደረሰባቸው ፖሊስ ጣቢያዎች ነበሩ።

ክፍል ሲሰጡዎት በጓሮ በኩል ይበሉ። ከሁለተኛ ፎቅ በላይ ይሁን፤ አስለቃሽ ጭስ ወደ ታች ነው የሚያዘነብለው። በጣም ላይም አይውጡ። መብራት ቢጠፋ ሊፍቱ ይቆማል፤ ጉልበትዎን ያውቁታል።

ገንዘብዎን በአንድ ቦታ አይያዙ። ኤምፔሳ ያለው የሚያምኑት ደንበኛ ካለ የዕለት ወጪዎን በእሱ በኩል ይክፈሉ። የገዙትን ዕቃ ሆቴል ክፍል ውስጥ አያከማቹ፤ ሻጩ መጋዘን ይቆይና ሰልፉ ሲያልፍ ይጫን። በሞያሌ በኩል በአውቶቡስ የሚመለሱ ከሆነ ትኬቱን ለሰልፉ ማግስት ሳይሆን ለሁለተኛው ቀን ይቁረጡ። በማግስቱ ገና መንገዱ ላይ የተቃጠለ ጎማ ይለቀማል፤ አውቶቡሱም ሞልቶ ይገፋፋል።

ጥያቄ

ከዲሲ ነው የምንጽፍልሽ፣ ባልና ሚስት። ለእህቴ ሠርግ አዲስ አበባ እየመጣን ነው። በመንገዳችን የባለቤቴን ጓደኛ ለማየት ናይሮቢ አንድ ሌሊት እናድራለን። ከአሜሪካ ኤምባሲ «ከሰልፍ ራቁ» የሚል ኢሜይል ደረሰን። ኤርፖርት አጠገብ ያለ ሆቴል ብንይዝ ይበቃል?

*ሠርገኞቹ*

መልስ

ለአንድ ሌሊት? በደንብ ይበቃል። ኤርፖርቱ ግቢ ውስጥና አጠገቡ ትልልቅ ሆቴሎች አሉ። ሞምባሳ ሮድ ላይ ደግሞ ወደ ናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ የሚያይ አለ፤ ቁርስ እየበላችሁ እንስሳ ልታዩ ትችላላችሁ። ዋጋው ከመሃል ከተማ ይበልጣል፤ ለእናንተ ግን የምትከፍሉት ለአልጋው አይደለም፣ ለጠዋቱ በረራችሁ ነው። ጓደኛችሁ ወደ እናንተ ይምጣ። እሱ የአገሩ ሰው ነው፣ መንገዱን ያውቃል።

ብቻ «ኤርፖርት አጠገብ» ሲባል ሁሉም አንድ አይደለም። ግቢው ውስጥ ያለና ሞምባሳ ሮድ ላይ ያለ ይለያያል። ሁለተኛው ከሆነ በጠዋቱ አውራ ጎዳናውን መያዛችሁ አይቀርም። ሆቴሉ የራሱ ሰርቪስ መኪና እንዳለው፣ ሌሊትም እንደሚሠራ ጠይቁ። የሰርቪሱ ሹፌር የሆቴሉ ሠራተኛ ስለሆነ እንደ ራይድ አይሰርዝባችሁም።

ኤርፖርቱ ራሱም የማይነካ እንዳይመስላችሁ። ሐምሌ 23 ቀን 2024 ሰልፈኞች ወደ ጆሞ ኬንያታ ኤርፖርት እንሄዳለን ብለው ጠርተው ነበር፤ ፖሊስ ከለከለ። መስከረም 11 ቀን 2024 ደግሞ የኤርፖርቱ ሠራተኞች ራሳቸው ሥራ አቁመው በረራ ተስተጓጎለ። ኤርፖርቱ ለአንድ የሕንድ ኩባንያ ሊሰጥ ነው በሚል ቁጣ ነበር። እንዲህ ባለ ቀን ሆቴሉ በር ላይ ቢሆንም አይረዳችሁም። ሠርጉ ቅዳሜ ከሆነ ዓርብ ጠዋት አዲስ አበባ የምትደርሱበትን በረራ አትያዙ፤ ሐሙስ ግቡ። ሚዜ ሆኖ የቀረ ሰው በየሠርጉ ቪዲዮ ሲነሳ ይኖራል።

የኤምባሲውን ኢሜይል በደንብ አንብቡት። ብዙ ሰው ርዕሱን አይቶ ይዘጋዋል። ውስጡ ሰልፍ ይጠበቅባቸዋል የተባሉ ቦታዎች ስም ይኖራል። ያንን ካርታው ላይ አውጡና ሆቴላችሁን አጠገቡ አስቀምጡት። ማስፈራሪያ አድርጋችሁ ሳይሆን የመንገድ ካርታ አድርጋችሁ ተጠቀሙበት።

ጥያቄ

ሰላም እትዬ። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ቪዲዮ እሠራለሁ፤ ፎሎወር አለኝ። ናይሮቢ ለሥልጠና ልሄድ ነው። ሰልፉ ፊት ለፊት የሚታይበት፣ በረንዳ ያለው ክፍል የትኛው ሆቴል አለ? ከላይ ሆኜ ብቀርጽ ምንም አይመጣም አይደል?

*ፈታ ያለው*

መልስ

ወንድሜ፣ ዩኒቨርሲቲው አጠገብ፣ በሃሪ ቱኩ ሮድ ላይ ኖርፎልክ የሚባል ከመቶ ዓመት በላይ የሆነው ሆቴል አለ። መንገዱ የተሰየመለት ሃሪ ቱኩ በእንግሊዞች ጊዜ የሠራተኛ መብት ጠያቂ ነበር። በፈረንጆቹ መጋቢት 1922 ሲያስሩት ሕዝቡ ሊያስፈታው ፖሊስ ጣቢያው ፊት ተሰበሰበ። ፖሊስ ተኮሰ። ከኖርፎልክ በረንዳ ላይ የነበሩ ነጭ ሰፋሪዎችም አብረው ተኮሱ ይባላል። ከፊት ሆና ሕዝቡን ያነሳሳችው ሙቶኒ ኛንጂሩም ከሞቱት ውስጥ ነበረች። በረንዳ ላይ የቆመ እንግዳ ተመልካች ብቻ አይደለም፤ ከታች ያለው ሰው ቀና ብሎ ሲያይህ ማን እንደሆንክ አያውቅም። ፖሊስም አያውቅም። አንተ ስልክ ነው የያዝከው፤ እሱ በጭሱ ውስጥ የሚያየው የተዘረጋ እጅ ነው።

የሆቴል ስም አልሰጥህም። የእኛም ሆቴል በሰልፍ ቀን የፊት ለፊቱን ክፍሎች ያስለቅቅ ነበር፤ መጋረጃ አስዘግተን እንግዳውን ወደ ጓሮ እናዛውራለን። በረንዳ ከፍለህ ብትይዝም በዚያ ቀን አትቆምበትም።

ደግሞ የውጭ አገር ፓስፖርት ይዘህ የሌላ አገር ሰልፍ ስትቀርጽ ብትያዝ «ፎሎወር አለኝ» የሚለው ቋንቋ ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ አይሠራም። ሥልጠናህ ያለበትን ቦታ ጻፍልኝ፤ ከዚያ በእግር የሚደረስ፣ በጓሮ በኩል ክፍል ያለው ሆቴል እፈልግልሃለሁ።